መልስ፦ ከውርጭ በኋላ የዘምባባዬ መሃል ቅጠል ሲጎተት ወጣ፣ ልንቀለው?

አይንቀሉት፣ ገና አልሞተም። የሱሉልታ የኅዳር ውርጭ ያልተዘረጋውን የመሃል ቅጠል መትቶታል፤ በስብሶ ነው ሲጎትቱት የወጣው። ዘምባባ በአንድ ግንድ ላይ የሚያድግበት እምቡጥ አንድ ብቻ ነውና ብስባሱ እዚያ ሳይደርስ ዛሬውኑ ይጀምሩ።

1. የሚሸተውን ብስባሽ በማንኪያ ጠርገው ያውጡ፤ የቀረውን ውሃ በጨርቅ ያድርቁ።
2. ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝተው ያፍሱበት፤ አረፋ ይወጣዋል፣ አይደንግጡ። በማግስቱ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጠው ይጨምሩ። ከ10 ቀን በኋላ ይድገሙት።
3. ውሃ ሥሩ ላይ ብቻ። በጎማ ከላይ ማጠጣት ይቅር።

ግማሹ የደረቀ ቅጠልም ቢሆን አይቆረጥም፤ አረንጓዴው ክፍል ዛፉን እየመገበ ነው። አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል በእሱና በጎረቤቱ ላይ በማርከር አንድ አግድም መስመር ያስምሩ። ከሳምንታት በኋላ የአዲሱ መስመር ከፍ ብሎ ከተገኘ ድኗል። የአገራችን ዘምባባ ከሆነ ግንዱ ቢሞት እንኳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ባለ አንድ ወፍራም ግንዱ የካናሪ ዘምባባ ግን ይህ ዕድል የለውም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከነሐሴ በኋላ ዩሪያ አይስጡት። መስከረምና ጥቅምት የሚያወጣው ለስላሳ ቅጠል ነው ቀድሞ በውርጭ የሚመታው። ውርጭ በሚያሰጋ ማታ መሃሉን በጆንያ ሸፍነው ጠዋት ይግለጡት። ፕላስቲክ አይሆንም፣ እርጥበቱን እዚያው ያፍነዋል።