ከ10,400 ብር ውስጥ ደመወዝህ የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። ሥራዬ የቴሌኮም ነው። ታወር ላይ እወጣለሁ፤ የፋይበር ገመድ ሲቆረጥ ደግሞ ስፕላይስ አደርጋለሁ፤ መልሼ እቀጥለዋለሁ ማለት ነው። የተቀጠርኩት ግን ሠራተኛ በሚያቀርብ ኤጀንሲ በኩል ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በየሦስት ወሩ አዲስ ውል ያስፈርሙኛል። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ድምሩ 10,400 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ ደመወዝ የሚለው 4,160 ብር ነው፤ ቀሪው 6,240 ብር “የመስክ አበል” ይላል። ባለፈው ወር ሐረጎ ላይ ፋይበር ተቆርጦ ሦስት ሌሊት ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሠራን። ክፍያ ስጠይቅ “አበልህ ውስጥ አለ” አሉኝ። አብረውን የሚሠሩት ቋሚዎች ማኅበር አላቸው። ሕክምናቸውም ቦነሳቸውም በጽሑፍ የሰፈረ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅም ፋይበር ነው የሚሠራው። “ማኅበር የሌለበት ሥራ ምን ያደርግልሃል?” ይለኛል። እኛ ዘጠኝ ነን። ማኅበር ብናነሳ ያባርሩናል ብለን ፈርተናል። ምን ይመክሩናል?

ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው እርሳስ ይዤ ነበር። እኔ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ 26 ዓመት በኤሌክትሪሻንነት ሠርቻለሁ። ዘጠኙን ዓመት የማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። የደመወዝ ወረቀት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ድምሩ አይደለም፤ “መሠረታዊ ደመወዝ” ወደሚለው መስመር ነው።

ያንተ መስመር 4,160 ይላል። ደመወዝህ እሱ ነው። 10,400 አይደለም።

ነገሩ የአጻጻፍ ልዩነት ብቻ እንዳይመስልህ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመስክ አበልን፣ ቦነስን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ደመወዝ ብሎ አይቆጥርም። ስለዚህ ጡረታህ የሚታሰበው ከ4,160 ብር ነው። ካንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ 291 ብር ከ20 ሳንቲም። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ 457 ብር ከ60 ሳንቲም። ሙሉው 10,400 ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 728 እና 1,144 ብር ይገባልህ ነበር። ወጣት ስለሆንክ ዛሬ አይታወቅህም። ጡረታ የወጣ ሰው ግን በየወሩ ያውቀዋል።

ከታወር ብትወድቅስ? አላህ ይጠብቅህ፤ ግን ማሰብ አለብን። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይችላል። መሥራት እስክትችል ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥለው ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍልሃል። ጥሩ ነው። ግን ሙሉ ደመወዝ የሚባለው የቱ ነው? ያው 4,160። እግሩን ተሰብሮ ቤት የተኛ ሰው የመስክ አበል የለውም። የሰኞ ገበያን የቤት ኪራይ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ ሦስቱ ሌሊት ልምጣ። “አበልህ ውስጥ አለ” ያሉህ ስህተት ነው። አበል ሌላ፣ ትርፍ ሰዓት ሌላ። ስሌቱ እንዲህ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትል 208 ሰዓት ይመጣል። 4,160 ለ208 ሲካፈል ሰዓትህ 20 ብር ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ያንተ ሥራ ሌሊት ስለሆነ ሰዓቱ 35 ብር ሆነ። 12 ሰዓት ሠርተሃል። 420 ብር አለህ። የሚከፈለውም ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ነው።

ለሐረጎ ብርድ 420 ብር! አውቃለሁ፤ ያናድዳል። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ሲጻፍ ትርፍ ሰዓቱም አብሮ ያንሳል። ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሦስቱ ሌሊት በአንድ ሳምንት ከነበሩ ከዚያ በላይ ሊያዙህ አይችሉም ነበር።

አሁን የምነግርህን ግን እባክህ ችላ አትበለው። በ1999 ዓ.ም. እኔ 11 ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት የተቃጠለ ሞተር ስጠግን ኖርኩ። አለቃዬ “በዓመቱ መጨረሻ ይታሰብልሃል” ይለኝ ነበር። አመንኩት። ዓመቱ አልቆ ስጠይቅ አልተሰጠኝም። ክስ ልመሥርት ስል የሕግ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ “ከመቼ ጀምሮ?” የደመወዝም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት በዚያው ቀሩ። ልጄ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ትንሽ ደብተር ግዛ። ቀኑን፣ የጀመርክበትን፣ የጨረስክበትን ሰዓት፣ ቦታውን፣ ማን እንዳዘዘህ ጻፍ። ሌሊት የተደወለልህን ጥሪ ስክሪንሹት አድርገህ አስቀምጥ። ክፍያውንም በጽሑፍ ጠይቅ፤ ቅጂውን ያዝ።

የሦስት ወር ውልህን በተመለከተ፦ ሕጉ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል። ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚፈቀደው ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ለሦስት ዓመት ያልተቋረጠ የጥገና ሥራ ከእነዚያ ውስጥ አይደለም ብለህ መከራከር ትችላለህ። የፈረምካቸውን ውሎች ሁሉ አንድም ሳትጥል ሰብስብ። ለመቀጠር ብለው ገንዘብ ተቀብለውህ ከሆነ ደግሞ፣ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል አይችልም።

ስለ ማኅበሩ። አሠሪያችሁ ኤጀንሲው ስለሆነ ማኅበራችሁም የሚቋቋመው እዚያው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው 10 ሰው ነው። እናንተ ዘጠኝ ናችሁ። ግን ኤጀንሲያችሁ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ያሰማራው ሠራተኛ ካለ እሱም የእናንተው ባልደረባ ነው። ፈልጉት። ተሰብሰቡ፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቁ፣ መሪዎች ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤውን ፈርሙ፤ ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ በሚያየው ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ። በዘርፋችሁ ያለው የኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) አባል ፌዴሬሽን ደንቡን በማዘጋጀት ያግዛችኋል።

ፍርሃታችሁን አልንቀውም። እኛም ፈርተን ነበር። የማኅበር አባል መሆን፣ መሪ መሆን፣ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ጽፏል። ቢሆንም ምሥረታው እስኪያልቅ ወሬ አታብዙ። አብሽር፣ አሥር ሆኖ የሚጠይቅን ሰው ማባረር አንድን ሰው እንደማባረር አይቀልም።

ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው። ቦነስ ስጥ፣ የሠራተኛውን ቤተሰብ አሳክም አይልም። ቋሚዎቹ ያገኙት በኅብረት ስምምነት ነው፤ ማኅበራቸው ተቀምጦ ተደራድሮ። እኛ በመጀመሪያው ድርድር የጠየቅነው ብር አልነበረም። የሌሊት ሰርቪስ ነበር። ከፈረቃ ሌሊት 6 ሰዓት የሚወጡ ሴቶች በጨለማ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። እሱን አገኘን። በሁለተኛው ወተት፣ ሳሙናና በዓመት ሁለት ቱታ። አበላችን ከደመወዝ ጋር የተጠቃለለው በሦስተኛው ድርድር ነው። ስድስት ወር ፈጀ። ሦስት ጊዜ ተነስተን ወጥተናል። ያ ወረቀት ዛሬም ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። እናንተ ከእኛ ተማሩና ይህን መጀመሪያ አድርጉት። ከ6,240ው ውስጥ ግማሹ እንኳ ወደ ደመወዝ ቢዞር ሰዓትህ ከ20 ወደ 35 ብር ይገባል። የሌሊቱ 61 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል።

የአክስትህ ልጅ የሚልህ እውነት አለው። እዚያ ማኅበር ባለባቸው የኤሌክትሪክና የስልክ ሥራዎች የሰዓቱ ደመወዝ፣ የጤና መድኑ፣ የጡረታው መዋጮ በስምምነት ይጻፋል። ግን እነሱም በልመና አላገኙትም። በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የቬራይዘን የስልክ ኩባንያ ሠራተኞች ከስድስት ሳምንት በላይ ሥራ አቁመዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የእነሱ ሥራ ለኮንትራክተር እንዳይሰጥ ነበር። ያንተን ዓይነት ሠራተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ከቋሚዎቹ ጋር አትቀያየሙ። ርካሽ ሆናችሁ እስከቀረባችሁ ድረስ የእነሱም እንጀራ ያሰጋል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሴፍቲ ቤልትና ሄልሜት የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ቤልቱ ከተላላጠ ነፋስ ባለበት ቀን ጦሳ ተራራ ላይ ታወር አትውጣ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሱፐርቫይዘሬ “ፈቃድሽ ሦስት ወር ነው፤ እስከዚያ የሌሊት ፈረቃ ትገቢያለሽ” አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን፣ ሁለቱም ከነደመወዙ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 120 ቀን ነው። 30ው ቀን አልቆ ካልወለድሽ እስክትወልጂ ፈቃድ ይጨመርልሻል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓትም፣ አትመደብም። የሐኪም ወረቀትሽን ይዘሽ ነገ ጠዋት ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሂጂ፤ ማኅበራችሁ ካለ ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ አብራሽ ትግባ።