«የሴት ፊልም አላይም» ላለው ልጅሽ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎ ቀርቦ ፊልም ለማየት ትሰበሰባላችሁ። የ12 ዓመቱ ልጅሽ ግን ጥይት ካልተተኮሰበት፣ መኪና ካልተጋጨበት አላይም ይላል። የ9 ዓመቷ እህቱ የመረጠችውን «ይሄ የሴት ነው» ብሎ ሪሞቱን ይቀማታል፣ አባታቸው ይስቃል። እሷም አሁን አሁን መምረጡን ትታ ማድ ቤት አንቺ ጋ መምጣት ጀምራለች። «ሁለቱም የሚወዱት ፊልም ጠቁሙኝ» ብለሻል።

አብሽሪ፣ እጠቁምሻለሁ። ግን ከፊልሙ በፊት ማድ ቤት የገባችው ልጅ ታሳስበኛለች። «ልጄ ጨዋ ናት፣ አትጣላም» ብለሽ እንዳታልፊው። ሳትጮኽ ቦታዋን የለቀቀችው የእሷ ምርጫ በቤቱ ውስጥ እንደማይቆጠር ስለገባት ይመስለኛል። ዛሬ ሪሞት ነው፣ ነገ ሌላ ነገር ይሆናል።

ልጅሽም ክፉ ሆኖ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የጓደኛ አፍ ያስፈራል። ሴት ልጅ ኳስ ብትወድ ብዙም የሚነካት የለም፣ ወንድ ልጅ ግን የሴት የተባለ ነገር ሲወድ ከታየ ይሳቅበታል፤ ስለዚህ ፊልሙን ሳያየው ከስሙ ይሸሻል። አባቱ ሲስቅለት ደግሞ ልክ ነኝ ብሎ ያርፋል። ባለቤትሽን ልጆቹ በሌሉበት አናግሪው። አትውቀሺው፣ «አንተ ስትስቅ እሷ ተነስታ ትሄዳለች» ብቻ በይው። ብዙ አባቶች ይህን ልብ አይሉትም፣ ሲነገራቸው ግን ይደነግጣሉ።

አሁን ወደ ፊልሙ። ስትመርጪ ዋናው ሰው ወንድ ነው ሴት ብለሽ አትጀምሪ። ምን ፈልጎ ነው የሚታገለው በይ። የተራበ ቤተሰብ፣ መሸነፍን የሚፈራ ልጅ፣ ማንም ያላመነው ሐሳብ፣ እነዚህ የወንድም የሴትም ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በካምፓላ የድሆች ሰፈር በቆሎ እየሸጠች ያደገች ፊዮና ሙቴሲ የምትባል ልጅ ቼዝ ተምራ እንዴት ለትልቅ ውድድር እንደበቃች ያሳያል፣ እውነተኛ ታሪክ ነው። ወንድሟም አብሯት ይጫወታል፤ ለልጅሽ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪው። ውድድር ስላለበት ሳያውቀው ይያዛል።

ሁለተኛው «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ነው፣ የ2019። የማላዊው ዊልያም ካምኳምባ በድርቅ ጊዜ ከአባቱ ብስክሌትና ከቁርጥራጭ ብረት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሠርቶ ውሃ ያወጣበት ታሪክ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ረሃቡ ጠንከር ብሎ ይታያል። ወሎ ውስጥ ደግሞ የ77ቱን ረሃብ ያየ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። አያታቸው አብረዋችሁ የሚያዩ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ማውራት ከፈለጉ ፊልሙን አቁሙና አዳምጧቸው፣ ልጆቹ ከስክሪኑ በላይ የሚያስታውሱት እሱን ይሆናል። ቀለል ያለ ካማራችሁ የ2004ቱ አኒሜሽን «ዘ ኢንክሬዲብልስ» አለ፤ እህትየው ትሰወራለች፣ ወንድምየው እንደ ነፋስ ይሮጣል፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንላቸውም። እንግሊዝኛው ለታናሽየዋ ከከበዳት ታላቅየው እየተረጎመ ይንገራት። እሱንም ያኮራዋል።

መምረጡን በተራ አድርጉት፣ አንድ ቅዳሜ እሱ፣ አንድ ቅዳሜ እሷ። ያልመረጠው 20 ደቂቃ ያያል፣ ከዚያ ካልጣመው መነሳት ይችላል። «የሴት ነው» «የወንድ ነው» ማለት ግን አይፈቀድም፤ ምኑ እንዳስጠላው ይናገር። «ቀስ ይላል»፣ «ይጮኻል» ማለት ይቻላል። ሕጉን ደግሞ አባታቸው ይንገራቸው፣ አንቺ ብቻ ከተናገርሽው የእናት ጭቅጭቅ ይሆናል። ቡናውንም ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ጨርሺው፣ ልጅቷ ማድ ቤት የምትመጣበት ሰበብ እንዳይኖራት።

የመጀመሪያው ተራ የእሷ ይሁን። ልጅሽ በ20 ደቂቃው ብድግ ቢል አትለምኚው፣ አትቆጪውም። ቆሎውን ብቻ ከነበረበት ቦታ እንዳታነሺበት።