ግራጫውን ማን ይቆርጠዋል? ለጎንደር ወጣት ፎቶ አንሺዎች

ልጆቼ፣ ግራጫ የሌለው፣ ጥቁሩ ጠቁሮ ነጩ ነጥቶ የቀረውን የጨለማ ክፍል ፎቶ በኮምፒውተር ለማውጣት ብዙዎቻችሁ የኮንትራስቱን መቆጣጠሪያ እስከ ጫፍ ትገፉታላችሁ። ፊቱ ጥላሸት፣ ነጠላው ባዶ ወረቀት ይሆንባችኋል። ጥፋቱ የመቆጣጠሪያው አይደለም። ከእሱ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ስላላለቀ ነው።

በፊልሙ ዘመን ይህን መልክ የሚሰጠው ሊት ፊልም ነበር፤ ማተሚያ ቤቶች ለፕሌት ሥራ የሚገለገሉበት፣ ኮዳክ ኮዳሊት እያለ የሚሸጠው ዓይነት። ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛ፣ ቀይ ብርሃን አያይም፤ በቀይ አምፖል ሥር እያዩ የሚያጥቡት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በዴቨሎፐሩ (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ መጥቆር የጀመረ ቦታ አጠገቡ ያለውንም እያፋጠነ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ያለው ግራጫ ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ይወድቃል። በኮምፒውተር ትሬሽሆልድ የሚባለው፣ ከአንድ ልክ የጨለመውን ሁሉ ጥቁር፣ የበራውን ሁሉ ነጭ የሚያደርገው ትእዛዝ የሚተካው ሁለተኛውን ጠባይ ብቻ ነው። የትኛው ቀለም ወደ ጥቁር ይሂድ የሚለው የእናንተ ሥራ ነው፤ ፎቶው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

በፎቶሾፕ ቻናል ሚክሰርን፣ የፎቶውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ድርሻ (ቻናል) የሚያደባልቀውን፣ ክፈቱና ሞኖክሮም (ጥቁርና ነጭ) የሚለውን ምረጡ። የሦስቱ ቀለማት ድምር 100 ይሁን። የፋሲል ግንብን ስትሠሩ ቀይ 0፣ አረንጓዴ 60፣ ሰማያዊ 40 አድርጉ። ሰማዩ ይነጣል፣ ቡናማው ድንጋይ ይጠቁራል፣ የማማው ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ሰማያዊውን ብቻውን 100 አታድርጉት፤ በተለይ በስልክ በተነሳ ፎቶ ኖይዝ የሚባለው ጥቃቅን ነጠብጣብ የሚበዛው በሰማያዊው ቻናል ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ግንቡ እንዲበራ ከፈለጋችሁ ቀዩን ወደ 100 አውጡት። ያ ግን የሊት ፊልም መልክ ሳይሆን በቀይ ፊልተር የተነሳ ተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም መልክ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ለሰው ፊት ሒሳቡ ይገለበጣል። ቆዳችን ፈካ ብሎ የሚወጣው በቀዩ ቻናል ነው። በሰማያዊው ፊት፣ ፀጉርና ጥላ አንድ ድፍን ጥቁር ይሆናሉ። ቀይ 70፣ አረንጓዴ 30 ጥሩ መነሻ ነው። ነጠላ የለበሰች እናት ከሆነች ደግሞ አንድ ቁርጥ፣ ማለትም አንድ የጥቁርና የነጭ ድንበር፣ ለፊቷም ለነጠላዋም አይበቃም። ከአንዱ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳይነካካ ካስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ሁለት አውጡ፦ አንዱን የነጠላው እጥፋት ጥላ እስኪይዝ አጨልሙት፣ ሌላውን ለፊቷ አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) አብሩት፤ ከዚያ በማስክ (የአንዱን ፎቶ ከፊል በሚሸፍነው) አዋህዷቸው። በጨለማ ክፍሉ ውስጥ፣ በማጉያው ሥር ብርሃኑን በእጅ እየከለሉ ይሠራ የነበረው ይኸው ነው። እኩለ ቀን ላይ የተነሳውን ግን ተዉት። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ።

አሁን ወደ ቁርጡ። ፎቶውን በእጥፍ አሳድጉት፣ ጋውሽያን ብለር (ማደብዘዣ) 1.5 ፒክስል ስጡት፤ ይህ ጥቃቅኑን ያስወግዳል። ከዚያ በትሬሽሆልድ ፋንታ ሌቭልስን፣ ጥቁሩና ነጩ ከየት እንደሚጀምሩ የሚወስነውን፣ በአድጀስትመንት ሌየር (ፎቶውን ሳይነካ ከላዩ በሚደረብ ማስተካከያ) ከላይ አስቀምጡ፤ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ጥቁሩን 120፣ ነጩን 136 ላይ። ትሬሽሆልድ አንዲት ግራጫ ፒክስል ስለማይተው ሰያፍ መስመር ሁሉ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ሌቭልስ ግን በጠርዙ ላይ ቀጭን ግራጫ ይተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ርቀታቸውን ሳትለውጡ አብራችሁ ወዲያና ወዲህ ውሰዷቸው፣ ዓይናችሁም ግድግዳው ላይ ይሁን። ከፍ ካለ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ይጠፋና ግድግዳው ድፍን ይሆናል፤ ዝቅ ካለ ድንጋዩ ራሱ ይነጣና ግንቡ ይበተናል። አንዱ ጥግ ጥላ ውስጥ ገብቶ እምቢ ቢል ቁርጡን ለእሱ ብላችሁ አታንቀሳቅሱ። ከሌቭልሱ ሥር 50 በመቶ ግራጫ የሞላ ሌየር በሶፍት ላይት (ግራጫው ሳይታይ ነጭ የተቀባበት ብቻ በሚበራበት አደራረብ) ጨምሩና በነጭ ብሩሽ፣ ኦፓሲቲው (የቀለሙ ድፍንነት) 10 በመቶ ሆኖ፣ ያን ጥግ ብቻ ቀስ እያላችሁ ቀቡት። ሌቭልሱ ከላይ ስላለ ውጤቱን እዚያው ታዩታላችሁ።

የሊት ፊልሙን በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጠርዝ ከወደዳችሁ ከ3 እስከ 5 በመቶ ኖይዝ ጨምሩ፤ ከብለሩ በኋላ፣ ከሌቭልሱ በታች። ከብለሩ በፊት ከገባ ይሟሟል፤ ከሌቭልሱ በላይ ከተቀመጠ ንጹሑ ጥቁር ላይ ግራጫ ቆሻሻ ይሆናል። ሲያልቅ ወደ ቀድሞ መጠኑ መልሱት። ፎቶሾፕ የሌለው ጊምፕን በነፃ ያገኛል፤ ቀለሙን የሚያደባልቀው እዚያ ሞኖ ሚክሰር ይባላል። በስልክ ከሆነ ስናፕሲድ የጥቁርና ነጭ የቀለም ፊልተሮች አሉት፣ ቁርጡን በከርቭስ (ብርሃኑን በመስመር በሚያስተካክለው) ትሠራላችሁ። በአንድ ንክኪ የሚሠሩትን ዝግጁ ማጣሪያዎች አልወዳቸውም፤ የት ቦታ እንደቆረጡ አይናገሩም።

ለጥምቀት ቲሸርት በስክሪን (ቀለሙ በወንፊት በሚያልፍበት ሕትመት) ማሳተም ከፈለጋችሁ ፋይሉን በጄፔግ አትስጡ፤ በጠርዙ ዙሪያ ጭጋግ ይተዋል። በፒኤንጂ ወይም በቲፍ፣ በሚታተምበት ትክክለኛ መጠን 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አድርጋችሁ ስጡ። ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር በወንፊቱ ላይ ስለማይዝ አስቀድማችሁ አወፍሩት። ቲሸርቱ ጥቁር፣ ቀለሙ ነጭ ከሆነ ፋይሉን ኢንቨርት አድርጋችሁ (ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር) ስጡ፤ አለዚያ ፊቱ እንደ ኔጌቲቭ ተገልብጦ ይታተማል።