«ካንሰሩን ብቻ የሚመታ መድኃኒት አለ ይሉናል፤ ኬሞውን እናቁመው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ጀምራለች፤ ያ ቀዩ መድኃኒት ነው የሚሰጣት። ፀጉሯ ረግፏል፣ ማቅለሽለሹም በጣም አድክሟታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ «እዚህ ናኖ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ካንሰሩን ብቻ ነው የሚመታው፣ ኢሚውኖቴራፒ ማለት እሱ ነው፤ በሰው እልክላችኋለሁ፣ ኬሞውን አቁሙት» ትላለች። ምን እናድርግ? (ልጇ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት፣ ኬሞውን እንዳታቋርጡ። እህትሽ የምትለው መድኃኒት አለ። ግን እሷ እንዳለችው አይደለም።

ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ሳይሆን አይቀርም። ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ችግሩ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ካንሰሩንም፣ የፀጉሩን ሥርም፣ መቅኒውንም፣ ልብንም ያገኛል። በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ አንድ ሰው በዕድሜው የሚወስደው ጠቅላላ መጠን ገደብ አለው። ኢየሩሳሌም ውስጥ አልቤርቶ ጋቢዞንና የኬዝኬል ባረንሆልትስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ መድኃኒት ሊፖሶም በምትባል፣ ከስብ በተሠራች ደቃቅ ከረጢት ውስጥ ከተቱት። ስፋቷ 100 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፤ «ናኖ» የሚባለውም ለዚህ ነው። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዶክሲል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ ከረጢቷን አያሳልፍም። የዕጢ የደም ሥር ግን በጥድፊያ የበቀለ ስለሆነ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ከረጢቷ እዚያ ትሾልካለች። ልብ በዚህ ይተርፋል፣ ትልቁ ትርፍም ይሄ ነው። ግን «ካንሰሩን ብቻ» የሚለው እውነት አይደለም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ዓመታት የእንስሳት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በደም ሥር ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው በአማካይ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል። በተሠራጨ የጡት ካንሰር ላይ ዶክሲል ከተራው ዶክሶሩቢሲን ጋር ሲወዳደርም ካንሰሩን በመግታት እኩል ነው የሆነው። ለልብ ይቀላል፣ ፀጉርም ብዙ አያረግፍም፤ በሌላ በኩል መዳፍና ውስጥ እግርን አቅልቶ ይልጣል። እሱም ያማል።

በሰው መላኩን እኔ በጣም ነው የምፈራው። ዶክሲል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ ሲንከራተት ከርሞ ለሰው አይሰጥም። ከዚያ የሚብሰው መጠኑ ነው። ፓክሊታክሰል የሚባለውን ሌላ ኬሞ ብናይ፣ በጡት ካንሰር በየ3 ሳምንቱ ሲሰጥ ተራው ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 175 ሚሊግራም ሲሆን፣ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር የተያያዘው ግን 260 ነው። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ ቢሰጥ ሰው ይጎዳል።

ኢሚውኖቴራፒ ሌላ ነገር ነው። ካንሰሩን ራሱ አይመርዝም፤ ካንሰሩ የያዘውን የሰውነት መከላከያ ፍሬን ያስለቅቃል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ነው። በጡት ካንሰር ግን በዋናነት የሚሰጠው በካንሰሩ ሴል ላይ የሚደረጉት ሦስቱም ምርመራዎች (የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች፣ እንዲሁም ኸር-2 የሚባል ፕሮቲን) ኔጋቲቭ ለሆነባቸው ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞ ጋር። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ሥራም አለ፤ እንደ አንዳንዶቹ የኮሮና ክትባቶች በስብ ቅንጣት ተጠቅልሎ የዕጢውን ምልክት ለመከላከያ ሴሎች የሚያስተምር ክትባት እየተሞከረ ነው። ገና ሙከራ ላይ ነው።

«ካንሰሩን ብቻ» ለሚለው የእህትሽ ሐሳብ የሚቀርበው ኸር-2 ፖዘቲቭ ለሆነ ካንሰር የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ አንቲቦዲ የሚባል፣ ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ኬሞውን ተሸክሞ ኸር-2 የበዛበትን ሴል ፈልጎ ይይዛል። ስለዚህ የእናትሽን የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤት አውጥታችሁ እነዚያን ሦስቱን እዩ፣ ካልተሠሩ ይሠሩ። ያኔ ከሐኪማቸው ጋር ስለ ሌላ መድኃኒት መነጋገር ይቻላል። እህትሽ ልትረዳ ከፈለገች ለዚህ ምርመራና ለልብ አልትራሳውንድ ብትከፍል ይሻላል። ማቅለሽለሹን ደግሞ ዝም ብለው አይቻሉት፣ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ጥሩ ጥሩ ማስታገሻ አለው። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።