ዘይት ጨምሬላት ቅቤው ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ሁለት የፈረንጅ ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ወተቱ ቅባት እንዲኖረው ብዬ ከፓስቲ ቤት የሚተርፍ ዘይት እየገዛሁ፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፉርሽካው ላይ አፈስላቸዋለሁ። የኑግ ፋጉሎም 3 ኪሎ 3 ኪሎ ይበላሉ። ጭድ ስለተወደደብኝ ግን ቀንሻለሁ። ወተቱ ምንም አልጎደለም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። እርጎው ሲናጥ ግን ቅቤው ከበፊቱ በጣም ያንሳል፣ ደግሞም ይለሰልሳል። ዘይቱ አነሰ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይቱ በዝቷል። ዛሬውኑ ያቁሙት።

ከወተቱ ቅባት ግማሽ ያህሉን ላሟ ራሷ ጡቷ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጥሬ ዕቃው የሚመጣው በዋናነት ከጭድና ከድርቆሽ ነው። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ገለባውን ሲያብላሉት አሴቴት የሚባል ነገር ይወጣል፣ እሱ በደም ጡት ይደርስና ቅባት ይሆናል። ቀሪው ግማሽ ከምትበላው ቅባትና ከሰውነቷ ስብ ይመጣል። ጭድ ሲቀንሱ እንግዲህ ቅቤውን ከምንጩ ቀነሱት ማለት ነው።

ዘይቱ ደግሞ ባሰበት። ፈሳሽ ዘይት ለእነዚያ ነፍሳት መርዝ ስለሆነ ሃይድሮጅን እየጨመሩ ወደሚረጋ ስብ ይለውጡታል። ላሟ ገለባ ጠግባ በደንብ ስታመሰኳ ይህ ሥራ ያለ ችግር ያልቃል። ፉርሽካ በዝቶ ጨጓራው ሲኮመጥጥና ዘይት ሲፈስበት ግን ለውጡ መንገድ ይስታል፣ መሃል ላይም ትራንስ-10፣ ሲስ-12 ሲኤልኤ የሚባል የቅባት አሲድ ይፈጠራል። ይሄ ነው ጉዱ። ጡት ሲደርስ ቅባት መሥራቱን ይገታዋል፤ በቀን ከ5 ግራም በታች እንኳ ቅባቱን በሩብ ሊቀንሰው ይችላል። የወተቱን መጠን ብዙም ስለማይነካ ባልዲው ሞልቶ ቅቤው ይጎድልብዎታል። የሚለሰልሰውም ጡት የሚሠራው ቅባት አንሶ የፈሳሹ ዘይት ድርሻ ስለሚበዛ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። አንዷ ላም በቀን 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። በውስጡ ያለው ቅባት ከ6 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፣ 720 ግራም መሆኑ ነው። በመጭመቂያ የወጣ የኑግ ፋጉሎ ብዙ ዘይት ይቀርበታል፤ 8 በመቶ ብንለው 3 ኪሎው 240 ግራም ይዟል። ፉርሽካውና ጭዱ ተደምረው 200 ቢሆኑ፣ ግማሽ ሊትሩ ዘይት ደግሞ 450 ነው። ወደ 900 ግራም ደረሰ።

«የፓስቲ ቤቱ ዘይት እኮ የሚረጋው ነው» ይሉኝ ይሆናል። የፓልም ዘይት ከሆነ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፣ ያ ክፍሉ የወተት ቅባት ሊጨምርም ይችላል። ግማሹ ግን ያው ፈሳሹ ነው። በዚያ ላይ ስንት ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት! ለከብት አይሰጥም።

የጭዱን ብር ከዘይቱ ያውጡት። ጠዋት መጀመሪያ ጭድ ወይም ድርቆሽ ትብላ፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው ከዚያ በኋላ ተከፋፍሎ ይሰጣት። ፋጉሎውን ወደ 2 ኪሎ ያውርዱት። የአዳማ ሙቀት ሲበረታ ላም ገለባ ትጠላለች፣ ስለዚህ አብዛኛውን በማለዳና ከመሸ ይስጧት፣ ውሃም አይለያት። ወንጂ ቅርብዎ ነው፤ የሸንኮራ ጫፍ ካገኙ ጥሩ መኖ ነው። ለውጡን ለማየት 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ጥጃዋን መጨረሻ ላይ ነው የማጠባት። ይሄም ቅቤውን ይቀንሰዋል?

መልስ፦ አዎ። መጨረሻ የሚወርደው ወተት ከመጀመሪያው እጥፍና ከዚያም በላይ ቅባት ሊኖረው ይችላል፣ እሱን ደግሞ ጥጃዋ ትወስደዋለች። ትንሽ ከሆነች ግን አይከልክሏት። አንዱን ጡት ለሷ ይተዉና ሦስቱን አሟጠው ይለቡ።