ጥቁሯ መስመር አታታላችሁ

ባለፈው ወር አንድ አዲስ ሐኪም ከጎኔ ቆሞ ጥርስ ሊነቅል ተዘጋጀ። ጥቅሉን ፈታ። ጥቅሉን ያሸገው፣ ሙቀት ሲያገኝ የሚጠቁረው ቴፕ ላይ ያሉት መስመሮች ጥቁር ብለዋል። መንቀያውን ጉጠት ተቀበልኩትና ከፈት አደረግሁት። መጋጠሚያው ላይ፣ ሁለቱ ክንዶች በሚተላለፉበት ቦታ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። ደም ነው።

"ዶክተር፣ አውቶክሌቭ ገብቶ ወጥቷል እኮ። የነበረው ሁሉ ሞቷል" አለኝ፤ በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለውን ማሽን ማለቱ ነው።

ሰነፍ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ነው። ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው ግን አልነበረም። ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩት የጥርስ ሐኪሞች ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

የቴፑ መስመር የሚነግራችሁ ጥቅሉ ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ዕቃ ይታጠብ አይታጠብ አያውቅም። እንፋሎት የሚገድለው ያገኘውን ነው፤ ከደረቀ ደም ሥር የተሸሸገውን ላያገኘው ይችላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ከማሽኑ ይልቅ የማምነው ብሩሹን ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እንሂድ። ደም ሳይደርቅ እጠቡ። ወዲያው ካልተመቻችሁ እርጥብ ፎጣ አልብሱት። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከፈላ ደሙ እንደ እንቁላል ይረጋና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ወፍራሙን የላስቲክ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ። ስትቦርሹ ዕቃው ውኃ ውስጥ ይሁን፣ ካልሆነ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ጉጠቱን ከፍታችሁ እጠቡ፣ ከፍታችሁ ጠቅልሉ። በሽቦ አትፈትጉ፤ ጭረቱ የቆሻሻ ጎጆ ይሆናል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ሦስቱን ዙር ክትባት ሳትጨርሱ ገንዳው አጠገብ አትቁሙ፤ ዕቃ አጣቢዋም እንድትከተብ አድርጉ።

በረኪናን በተመለከተ እኛ የተማርነው ሌላ ነበር። ዕቃው እንደወጣ 0.5 በመቶ በረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይታጠባል። ለዓመታት እንዲያ ስናደርግ መንቀያዎቻችንን ዝገት በላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከእጥበት በፊት በጀርም ማጥፊያ መዘፍዘፍን አይመክርም። የክሊኒካችሁ ደንብ አሁንም ዘፍዝፉ የሚል ከሆነ ከደቂቃው አታሳልፉ። ምሳ በልታችሁ እስክትመለሱ የተተወ ዕቃ ስንት አይቻለሁ!

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። ቆላ ወርዳችሁ ሽንብራ ቀቅላችሁ ታውቃላችሁ? ቶሎ ይበስላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ቀቅሎ "አመከንኩ"፣ ጀርሙን ሁሉ ገደልኩ ማለት የትም ስህተት ነው፣ እዚህ ደግሞ ይብሳል። አውቶክሌቩም ከከፍታው አያመልጥም። ባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው ቀስት 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን እዚያው 15 ላይ ሆኖ 117 አካባቢ ይቀራል። 121 ለመድረስ ወደ 19 መጠጋት አለበት። እንግዲህ ግፊቱን አይታችሁ አትርኩ፤ ሙቀቱን እዩ። የተጠቀለለ ዕቃ በተለመደው አውቶክሌቭ 121 ላይ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ እንጂ ክዳኑ ከተዘጋበት ጊዜ ጀምሮ አይደለም። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ካለ እሱን ያዙ። ጥቅሎቹንም እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ አታጨናንቋቸው። እንፋሎቱ በመካከላቸው ማለፍ አለበት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ አንድ የክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አውቶክሌቩ 12ኛው ደቂቃ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመጣ የቀረውን 18 ደቂቃ ሞላሁና ዕቃውን አወጣሁ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። አውቀው ነበር። በዚያ ዕቃ የታከሙት ሰዎች ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቂያም የለኝም። የእኛ ሥራ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ስትሳሳቱ የሚጮህ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለኝ። ቀን፣ የዙሩ ቁጥር፣ ሙቀቱ፣ ደቂቃው፣ የሠራው ሰው ፊርማ። ማሽኑ በእርግጥ መግደሉን ለማየት ደግሞ ሙቀት የሚቋቋሙ ስፖሮች (በጠንካራ ሽፋን የተሸሸጉ ባክቴሪያዎች) ያሉበትን መፈተሻ በየሳምንቱ እንዲገዙላችሁ አለቆቻችሁን ጨቅጭቁ። "ውድ ነው" ይሏችኋል። ጨቅጭቁ። ሃንድፒሱንም፣ ጥርስ መቦርቦሪያውን ማለቴ ነው፣ በአልኮል ጠርጎ ለሚቀጥለው ሰው መስጠት ይቅር፤ በየታካሚው ይጸዳ፣ ዘይት ይጠጣ፣ አውቶክሌቭ ይግባ።

እሺ፣ ዕቃ ሲያልቅስ? አንድ ቀን ጉንጫቸው ያበጠ አባት ከሩቅ ገጠር መጡ። ንጹሕ መንቀያ አንድም አልነበረም። "አባባ፣ አንድ ሰዓት ይታገሡኝ። ዕቃው ገና አልበሰለም" አልኳቸው።

"ወጥ ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡ።

ወስጄ አውቶክሌቩን አሳየኋቸው። በላምባ የሚነድ አሮጌ ነበር፣ እየተንፏፏ። ትንሽ አዩት። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገቡ ቁጭ አሉና "በል ይብሰል" አሉኝ።