ጋሼን ጠይቁ፦ «ምርጫው ሲያልቅ እኛስ የት እንሂድ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በ2012ቱ የሲዳማ ክልልነት ሕዝበ ውሳኔ በምርጫ አስፈፃሚነት፣ በ2013 ደግሞ በጣቢያ ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ሥራውን ወደድኩት። ነገር ግን ሁለቱንም ጊዜ ጥቂት ቀን ሰልጥኜ፣ ምርጫው ሲያልቅ ባጄን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ሐኪሞች ማኅበር አላቸው፤ እኛ የሂሳብ ሰዎችም እንሰባሰባለን። ለምርጫ ሠራተኛስ እንዲህ ያለ መገናኛና መማሪያ አለው? ከኪሴ ከፍዬ ብማር ያዋጣኛል? — አስፈፃሚዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት አሞራ ገደል ዓሣ እስኪጠበስልኝ ስጠብቅ ነው። ባጁ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የእኔም መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከጡረታ ደብተሬና ከማይሠራ ባትሪ ጋር።

ኅዳር 10 ቀን 2012 እኔም እዚሁ ከተማ አንድ ጣቢያ ላይ ነበርኩ። ቀኑ መጀመሪያ ኅዳር 3 ተብሎ በአንድ ሳምንት የተገፋው፣ ምልክቶቹም ሻፌታ (ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን) እና ጎጆ (በደቡብ ክልል ይቆይ) የነበሩበት ማለቴ ነው። ውጤቱን አገር ያውቀዋል፤ 98.5 በመቶ ያህሉ ሻፌታን መረጠ። የእኔን ጣቢያ ምሽት ግን ማንም አያውቀውም፤ ልንገርሽ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ያን ምሽት አንዲት ቅጽ አሸነፈችኝ። ሳጥን ውስጥ የተገኘው፣ የተበላሸውና ሳይሠራበት የቀረው ወረቀት ሲደመር ጠዋት የተረከብነውን መስጠት አለበት። ሁለት ጎደለ። ደግመን ቆጠርን፤ አሁንም ሁለት። ሦስተኛ ቆጠርን። ታዛቢዎቹ ቃል ሳይተነፍሱ እጄን ያያሉ፤ አንደኛው መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ፤ እሱ ከመናገር የባሰ ነበር። በመጨረሻ ከአስፈፃሚዎቹ አንዷ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመራጮች መዝገቡን አንስታ ስታራግፈው ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች ዱብ አሉ። ለካ ሁለት መራጮች ተሳስተው አበላሽተው ሲመልሱና ምትክ ስንሰጣቸው፣ የመለሱትን ወረቀት ሽፋኑ ውስጥ የሸጎጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጠዋት ሰልፉ ሲያጣድፈኝ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ነበር።

ከወራት በኋላ ይህንኑ በጎረቤት ጣቢያ ለሠራ ሰው ባጫውተው፣ «እኔማ ገና ሳጥኑ ሳይታሸግ ነው አንዲት ባዶ ካርቶን አምጥቼ ‹የተበላሸ› ብዬ የጻፍኩባት፤ ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ነው የጠበቅኳት» አለኝ። ካርቶን! በተቀመጥኩበት ሥልጠና ሁሉ ስለ ተበላሸ ወረቀት ትርጉም ተምሬያለሁ፤ በእግር ስለሚጠበቅ ካርቶን ግን ማንም አልነገረኝም። አሰልጣኞቹን ልወቅስ አይደለም። የእኛ ሥልጠና ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው፤ ላይኛው ለመሀለኛው፣ መሀለኛው ለታችኛው ያሰለጥናል። ላይ ቀናት የፈጀው ታች ሲደርስ ሰዓታት ይሆናል። በየደረጃው መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ጥያቄና ልምምዱ ነው፤ ገለጻውን የሚደፍር የለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ለዚህ ሙያ መሰባሰቢያ አለው፤ ግን አብዛኛው እንዳንቺ ላለ ሰው በሩን የከፈተ አይደለም። እንግሊዝ አገር የምርጫ ሠራተኞች ማኅበር ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ አባላቱ እንዳንቺ ያሉ ግለሰቦች ናቸው፤ ዓመታዊ ጉባኤ ያደርጋል፣ የሙያ ማረጋገጫም ይሰጣል። አሜሪካም «ኢሌክሽን ሴንተር» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ተከታታይ ኮርሶች ላጠናቀቀ የምርጫና የመራጮች ምዝገባ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህን ስትሰሚ «እኛስ ለምን አጣን?» እንዳትዪ። እዚያ የምርጫ ጸሐፊ ማለት በየከተማው ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ የሚበላ፣ ዘንድሮ ምክር ቤት፣ ከርሞ ሌላ ሲያስመርጥ የሚኖር ሰው ነው። እኛ ጋ የጣቢያው ሥራ የሚወድቀው በአስተማሪው፣ በተማሪውና እንዳንቺ ባለው የሂሳብ ሰው ላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። ሙያው በየአምስት ዓመቱ ይበተናል። ማኅበር የሚቆመው ደግሞ ማግስት በሚገናኙ ሰዎች ነው።

በዓለም ደረጃ ደግሞ የምርጫ አካላት ማኅበር የሚባል አለ፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኢንቾን፣ ሶንግዶ ላይ ነው የተመሠረተው። ሥልጠናም ይሰጣል። አባልነቱ ግን የቦርድና የኮሚሽን እንጂ የግለሰብ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረትም የአህጉሩን የምርጫ አካላት የሚያገናኝበት መድረክ አለው፤ ወንበሩ የኃላፊዎች ነው። በእነዚህ አታኩርፊ፣ ግን አትጠብቂያቸውም።

«ብሪጅ» የሚባለውን ግን ጠይቂ። ስሙ በእንግሊዝኛ ድልድይ ማለት ነው። የአውስትራሊያ ምርጫ ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታትና ዴሞክራሲን የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢንተርናሽናል አይዲያ ጀምረውት፣ በኋላ የምርጫ ድጋፍ ድርጅቱ አይፌስና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) የገቡበት የምርጫ ሠራተኞች ሥርዓተ ትምህርት ነው። የወደድኩለት ነገር ገለጻ አለመውደዱ ነው። ሰልጣኙ ራሱ ሳጥን ያሽጋል፣ ወረቀት ይቆጥራል፣ የተቆጣ የፓርቲ ወኪል ሆኖ ይጮኻል። አሰልጣኝ ለመሆንም የተለየ ኮርስ አለው፤ ያን ጨርሰሽ በተግባር እያሰለጠንሽ ነው ሙሉ ዕውቅና የምታገኚው። የአገራችን ምርጫ ቦርድ ወይም አጋር ድርጅቶቹ እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲያወጡ ማመልከቻሽ ላይ የጣቢያ ኃላፊነትሽን አስቀድሚ፣ የሂሳብ ዲግሪሽ ይከተል። ብዙዎች ገልብጠው ይጽፉታል።

ከኪስ ስለመክፈል፦ ገና ነሽ፣ አትክፈዪ። ጣሊያን ፒሳ የሚገኘው ሳንታና ዩኒቨርሲቲ ከኢንተርናሽናል አይዲያ ጋር ያዘጋጀው የምርጫ ፖሊሲና አስተዳደር ማስተርስ አለ፤ ዕድሜ ልክሽን በዚህ ሙያ ለመኖር ከቆረጥሽ ያኔ አስቢበት፣ ያውም የነጻ ትምህርት ዕድል ፈልገሽ። እስከዚያው «ኤስ» (ACE) የሚባለውን የምርጫ ዕውቀት ማዕከል በስልክሽ ክፈቺ። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠራቀመ የምርጫ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው፤ ነጻ ነው። ከቆጠራው ምዕራፍ ጀምሪ፤ መግቢያውን ዝለዪው፣ ያስተኛል።

ከሁሉ በፊት ግን አዋጅ 1162/2011ን እንደ ዳዊት ድገሚ። የምርጫውን፣ የፓርቲ ምዝገባውንና የሥነ ምግባሩን ነገር የያዘው እሱ ነው። ቦርዱን ያቋቋመው 1133/2011 አጠር ያለ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። በ2013 ወኪሎች ሲከራከሩኝ ያዳነኝ የድምፄ ጉልበት አይደለም፤ አንቀጽ ጠርቶ ማንበብ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። በአካባቢሽ ከሠሩት አምስት ስድስት ሰው ፈልጊና በወር አንድ ቀን ቡና ላይ ተገናኙ። ስም አታውጡለት፣ ሊቀመንበርም አትምረጡ፤ ምርጫ ከጀመራችሁማ አበቃላችሁ። እያንዳንዱ የመጣበት ዋጋ አንድ የሠራው ስህተት ይሁን፤ ድሉን የሚያወራ ቡናውን ይክፈል። አንድ ቀን ያገለገለ ጋዜጣ ቆራርጣችሁ ድምፅ መስጫ አድርጉትና ቁጠሩት፤ አንዳችሁ ሆን ብላችሁ ሁለት ወረቀት ደብቁ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ሲያልበው እዩ። ሌላ ቀን የጣቢያውን ክፍል ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሩት፦ መራጩ የት ይገባል፣ ቀለሙ የት ይቀባል፣ ምስጢር መስጫው ለማን መስኮት ይጋለጣል። በ2013 አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግብ ነበር፤ ያን ያህል ሰው በአንዲት የትምህርት ቤት በር ሲገባና ሲወጣ ወንበር በአንድ ክንድ መጠጋቷ ሰልፉን ታቀልጠዋለች ወይም ታቆመዋለች።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የፓርቲ አባል ቤት አትገናኙ፣ ለቡናውም ከፖለቲከኛ ሳንቲም አትቀበሉ፤ ገለልተኛ ነን ብለሽ ማስረዳት ከጀመርሽ ቀድሞውኑ ረፍዷል። ደግሞ የመራጭ ስም፣ መዝገብ፣ ፎቶ የሚባል ነገር ይዞ የሚመጣ ካለ በዚያው ይመለስ። ብቀላቀል ደስ ይለኛል፤ ካርቶኔን ይዤ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያ ልጄ የምርጫ ሥልጠና እየተባለ ሁለት ጊዜ ሄዶ ያመጣልኝ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። ተምሯል ወይስ ተንሸራሽሯል? — አባት፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩን ይክፈቱት። የተጻፈው ከሦስተኛው ገጽ ካላለፈ አበል ነው የበላው። ከተጻፈበትም «ድምፅ ዋጋ አልባ የሚሆነው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ሳያመነታ ከመለሰ ቦርሳውን ይተዉለት። ካመነታ ቦርሳው ለእርስዎ ይገባል፤ ዚፑ ግን ብዙ እንደማይቆይ ከአሁኑ ልንገርዎ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የምርጫ ሠራተኞች ሥልጠና መጥቶ ወንበሩን እንደ ሠርግ በረድፍ ደርድሬ ስጨርስ አሰልጣኟ ሁሉንም አስነሳችብኝ። ግድግዳው ላይም ወረቀት ልለጥፍ አለች። ምን አጠፋሁ? — አስተናጋጁ

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም፤ ለሌላው ስብሰባ ያደረግከው ትክክል ነው። አዳማ ስንቱ ወርክሾፕ ያልፋል፣ አብዛኛው ሰው ጀርባ አይቶ ነው የሚመለሰው። እሷ ግን ሰዎቹ እንዲሠሩ ነው የምትፈልገው፦ አንዱ ጠረጴዛ ጣቢያ ይሆናል፣ ሌላው ቆጠራ ያካሂዳል፣ የቡድን ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ስለዚህ ሲመጡ ስድስት ሰው የሚይዙ ጠረጴዛዎች ለየብቻ አስቀምጥ፣ መሀሉን ለመቆሚያ ተወው፣ መድረኩንም ከቻልክ አውጣው። አንድ ትርፍ ጠረጴዛ በር አካባቢ ይኑር፤ መዝገብና ቀለም ያስቀምጡበታል። ማይክ አያስፈልጋቸውም፤ ይጮኻሉ። ለግድግዳው ግን ወረቀት ለጥፈህ ስታነሳው ቀለም የማይልጥ ፕላስተር ራስህ ግዛና ስጣት፤ እሷ የምታመጣውን ካመንክ ቀለም ቀቢ የምትጠራው አንተ ነህ።